የከተማችሁ ፕላን ለውይይት ሲቀርብ እንዴት ታነቡታላችሁ?

የከተማ ፕላን ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ አብዛኛው ሰው ካርታው ላይ መጀመሪያ የሚፈልገው የራሱን ቤት ነው። ቤቱ መኖሪያ መሆኑን በሚያሳየው ቢጫ ቀለም ውስጥ ካለ ተረጋግቶ ይቀመጣል፤ መንገድ ካረፈበት ደግሞ እጁን አውጥቶ ስለ ካሳ ይጠይቃል። ማንም ሊወቅሰው አይችልም። እኔን የሚቆጨኝ ስብሰባው በዚሁ ማለቁ ነው። ልጆቻችን የሚኖሩበትን ከተማ የሚወስኑት መስመሮች እዚያው ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ሳለ አንድም ሰው ሳይጠይቅባቸው ይጸድቃሉ።

ባሕር ዳር ውስጥ በከተማ ፕላን ሥራ የቆየሁ ሰው ነኝ። የምጽፈው ለባለሙያ ሳይሆን ለእድር ዳኛው፣ ለመምህሩ፣ ሱቅ ለከፈተችው ወጣት፣ መሬቱ ወደ ከተማ ሊገባ ለተባለው ገበሬ ነው። ስለ ከተማ እድገት በየዩኒቨርሲቲው የሚካሄደው ክርክር ከሩቅ ሲሰማ ይከብዳል፤ ነገር ግን ዋና ዋናውን በገመድ፣ በእርምጃና በስልካችሁ ማስያ ልትፈትሹት ትችላላችሁ። ሕጉም ይፈቅድላችኋል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ቀርቦ እንዲመከርበት ያዛል።

ወደ አዳራሹ ከመግባታችሁ በፊት

የቀረበው የትኛው ዓይነት ፕላን እንደሆነ ለዩ። መዋቅራዊ ፕላን የሚባለው ከተማውን በሙሉ የሚመለከትና ለ10 ዓመት የሚጸና ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ አንድን ሰፈር ወይም አንድን የማስፋፊያ ቦታ እስከ ሽንሻኖው ድረስ ይዘረዝራል። የአጥራችሁ ጉዳይ ቁርጡ የሚታወቀው በሁለተኛው ላይ ነው። በመጀመሪያው ላይ ስለ አጥር ብቻ የተከራከረ ሰው ትልቁ ነገር ያመልጠዋል።

ከዚያ ሦስት ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁ፦ የመሬት አጠቃቀም ካርታውን፣ የመንገድ መረቡን ካርታ፣ ምን መቼ እንደሚሠራ የሚናገረውን የአፈጻጸም ቅደም ተከተል። ሰዉ ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያውን ነው፤ ቀለሙ ያምራልና። እኔ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል የመንገዱን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱን ወደታች እመጣበታለሁ።

ካርታው ዛሬ መሬት ላይ ያለውን ማሳየቱንም አረጋግጡ። የምታውቁት ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ወፍጮ ቤት፣ ምንጭ፣ ጎርፍ የሚወርድበት ሸለቆ አለበት? ስመ ጥሩው አርክቴክት ለ ኮርቡዚየ እ.ኤ.አ. በ1936 አዲስ አበባን ሳይረግጣት ንድፍ ነድፎላታል፤ ንድፉ ላይ የነበረችው ከተማ የለችም ማለት ይቻላል። ያ ወረቀት ወረቀት ሆኖ ቀረ። ዛሬም የሰፈራችሁ ጉልት ገበያ የሌለበት ካርታ ሲቀርብላችሁ፣ አዘጋጁ እዚያ አልሄደም ማለት ነውና ሌላውንም በጥርጣሬ አንብቡ።

ክርክሩ በአጭሩ

እንግሊዛዊው ኤቤኔዘር ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1898 የታወቀበትን የአትክልት ከተማ ሐሳብ አቀረበ፦ ወደ 32,000 ሰው የምትይዝ፣ በእርሻ መሬት የተከበበች፣ ከትልቁ ከተማ በባቡር የተገናኘች ትንሽ ከተማ። ብዙ አገር፣ እኛም ጭምር፣ ከዚህ ሐሳብ የወሰደው ቤቶቹን ከከተማ ዳር ማውጣቱን ነው። ሃዋርድ ግን ሁለት ነገር አጥብቆ ጠይቆ ነበር። አንደኛው፣ ሰው የሚሠራበት ፋብሪካና ሱቅ እዚያው እንዲኖር። ሁለተኛው፣ መሬቱ የማኅበረሰቡ ሆኖ ዋጋው ሲጨምር ጭማሪው ለከተማዋ አገልግሎት እንዲውል። በአዲስ አበባ ዳር ያሉትን የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች፣ የካ አባዶንና ኮየ ፈጬን ያየ ሰው የመጀመሪያው ምን ያህል እንደጎደለ ያውቃል፤ ቤቱ ዳር ወጥቶ ሥራው መሃል ስለቀረ ነዋሪው ጎህ ሳይቀድ ታክሲ ሰልፍ ላይ ይቆማል። ሁለተኛው ግን ለእኛ ለሌላው አገር ከሚሆነው ይልቅ ቅርብ ነው። ከአዋጅ ቁጥር 47/1967 ጀምሮ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው። ሃዋርድ ገንዘብ ለምኖ መሬት መግዛት ነበረበት፤ የእኛ ማዘጋጃ ቤት መሬቱ በእጁ ነው፣ የሊዝ ገንዘብም ይሰበስባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ ከዚህ ማስፋፊያ የሚገኘው የሊዝ ገቢ ለዚሁ ማስፋፊያ መንገድና ውሃ ይውላል ወይ?

በሌላ በኩል ከተማ መስፋት የለበትም፣ ውስጡ ይጠቅጠቅ የሚሉ አሉ። ምክንያታቸው ጠንካራ ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ከተማ ነዳጅ ይቆጥባል፣ የውሃ መስመሩ ያጥራል፣ የእርሻ መሬት ይተርፋል። አሜሪካዊቷ ጄን ጄከብስ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በዚህ ላይ ሌላ ነገር ጨመረች፦ መጠቅጠቅ ብቻውን አይበቃም፤ ብሎኮቹ (በመንገዶች መካከል ያሉት የቤት ስብስቦች) አጫጭር፣ ቤቶቹ አሮጌና አዲስ የተቀላቀሉ፣ መኖሪያውና ንግዱም አንድ ላይ ይሁኑ ብላ ተከራከረች። ይህን የአዲስ አበባ ሰው በኑሮ ያውቀዋል። ሰፈሮቹ በመኳንንቱ ሰፈር ዙሪያ የተቆረቆሩ ስለነበሩ ሀብታምና ድሃ በአንድ አጥር ተጎራብተው ኖረዋል። ልደታና ሰንጋ ተራ በመልሶ ማልማት ሲፈርሱ የጠፋው ጭቃ ቤቱ ብቻ አልነበረም፤ እድሩም፣ እቁቡም፣ ደጃፍ ላይ የምትሸጠው እናት ደንበኛም አብሮ ተበተነ።

ሦስተኞቹ ደግሞ የታዳጊ አገር ከተማ ወደድንም ጠላንም ይሰፋል፤ ሥራችን ሳይሰፋ በፊት ማዘጋጀት ነው ይላሉ። የዚህ ሐሳብ ዋና አራማጅ የከተማ እድገት ተመራማሪው ሽሎሞ ኤንጀል ነው። ሐሳቡ ወደ እኛም መጥቷል፦ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የከተማ ልማት ሚኒስቴር ከኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በመቀሌ ሞክሮታል። ዘዴው ቀላል ነው። 30 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ዋና መንገዶች በየ1 ኪሎ ሜትሩ ርቀት ይቀየሳሉ፣ ቦታቸው ይከበራል፣ ሊጠበቅ የሚገባው አረንጓዴ ቦታም ይለያል፤ ቤቱ በኋላ ይመጣል።

ከእነዚህ ጎን የእንግሊዛዊውን አርክቴክት የጆን ተርነርን ድምፅ መርሳት አልፈልግም። ፔሩ ውስጥ ድሆች በገዛ እጃቸው ቤታቸውን ቀስ በቀስ ሲሠሩ አይቶ፣ መንግሥት መሬትና መንገድ ይስጥ እንጂ ቤቱን ሰዉ ራሱ ያሳድገዋል አለ። እኛ ጨረቃ ቤት እያልን የምናፈርሰው ብዙው ቤት የዚህ ዓይነት ነው፤ በአንድ ክፍል ተጀምሮ፣ ሴት ልጅ ዓረብ አገር ሄዳ ስትልክ ሁለተኛው ተጨምሮ፣ በዓመታት ውስጥ ቤት የሚሆን።

የእኔን አቋም ልናገር፦ እንደ ባሕር ዳር ላሉ ከተሞች በመጀመሪያ መንገዱና የጋራው ቦታ ይያዝ፤ ከዚያ በትናንሽ ቦታ ላይ ሰው ቀስ ብሎ እንዲሠራ ይፈቀድለት። ቤት ፈርሶ ይሠራል፣ ፎቅ ይጨመርበታል። ቤት የሰፈረበትን መንገድ ማስፋት ግን ብዙ ቤተሰብ ማፈናቀልና ብዙ ካሳ መክፈል ነው። በስብሰባ ላይ ያለችንን ጥቂት ደቂቃ በማይመለሰው ነገር ላይ ብናውላት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

መንገዱን ማንበብ

የባሕር ዳርን መሃል ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1965 ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የሚመሯቸው ጀርመናውያን ፕላኑን ሲሠሩ ከተማዋ ትንሽ ነበረች፣ መኪናም ጥቂት ነበር። ያኔ ሰፋ ተደርገው የተያዙት ዘንባባ የተተከለባቸው ጎዳናዎች ዛሬ መኪናውን፣ ባጃጁን፣ ብስክሌተኛውንና እግረኛውን አንድ ላይ ይሸከማሉ። ከዚያ ወጥታችሁ ሳይቀየስ ወደተገነባ የዳር ሰፈር ስትገቡ መንገዱ እየጠበበ ይሄድና እሳት አደጋ መኪና የማያስገባ ይሆናል፤ ውሃ ለመዘርጋት የአንዱን አጥር ማፍረስ ግድ ይላል።

አሁን ማስያችሁን አውጡ። በካርታው ሚዛን (ስኬል) 1 ኪሎ ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በእርሳስ ሥሩ። ዋና መንገዶቹ በየ1 ኪሎ ሜትሩ 30 ሜትር ስፋት ይዘው ካለፉ፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ኪሎ ሜትር 2 ኪሎ ሜትር ርዝመት ይደርሰዋል፤ ይህም 60,000 ካሬ ሜትር ወይም 6 በመቶ ነው። "መሬቱን መንገድ ጨረሰው" ለሚል ሰው መልሱ ይኸው። ለዚህ 6 በመቶ ሲባል ማንም ሰው ከዋና መንገድ ከ500 ሜትር በላይ አይርቅም፤ አሮጊት እናትም ቢሆኑ አውቶቡስ የሚያልፍበት ቦታ በእግራቸው ይደርሳሉ።

ከዚያ የውስጡን እዩ። የተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ፕሮግራም፣ ዩኤን ሃቢታት፣ ለአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ቢያንስ 18 ኪሎ ሜትር መንገድ ይኑር፣ ከመሬቱም 30 በመቶ ያህሉ ለመንገድ ይዋል ይላል። ብሎኮቹ 100 ሜትር በ100 ሜትር ከሆኑ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። እናንተ በካርታው ላይ 300 ሜትር የሚረዝም ብሎክ ካያችሁ አቋርጦ የሚያሳልፍ መንገድ ጠይቁ። ለእግረኛ የምትሆን 6 ሜትር መተላለፊያም ብትሆን ትጠቅማለች።

ስንት ሰው፣ ስንት መሬት

ፕላኑ የሕዝብ ቁጥር ትንበያ ይኖረዋል። 70ን ለዓመታዊው የእድገት መቶኛ አካፍሉ፤ የሚወጣው ቁጥር ሕዝቡ እጥፍ የሚሆንበት ዘመን ነው። በዓመት 5 በመቶ የሚያድግ ከተማ በ14 ዓመት እጥፍ ይሆናል። 200,000 ሰው ያለበት ከተማ ሌላ 200,000 ሊጨመርበት ነው እንበል። በሄክታር 100 ሰው የሚያሰፍር ከሆነ 2,000 ሄክታር ይፈልጋል፤ በሄክታር 150 የሚያሰፍር ከሆነ 1,333 ይበቃዋል። በመካከል ያለው 667 ሄክታር ጤፍና ዳጉሳ የሚያበቅል የሰው ማሳ ነው።

ታዲያ 150 ለመድረስ ኮንዶሚኒየም መደርደር ግድ ነው? ብዙ ባለሥልጣን እንደዚያ ያምናል፤ እኔ አላምንም። ስሌቱን ተከተሉኝ። በአገራችን የተለመደው መመሪያ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 30 በመቶ ለመንገድና መሠረተ ልማት፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚለው ነው። ከአንድ ሄክታር 40 በመቶው 4,000 ካሬ ነው። በ200 ካሬ ከተሸነሸነ 20 ቤት፣ በ5 ሰው 100 ነዋሪ። በ150 ካሬ ከተሸነሸነ 26 ቤት፣ 130 ነዋሪ። ግን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ግቢ አንድ ቤተሰብ ብቻ የሚኖርበት ሰፈር ስንት ነው? ከኋላ ሰርቪስ አለ፤ ተማሪ፣ አዲስ ተጋቢ፣ ከገጠር የመጣ ሠራተኛ ይከራየዋል። በግቢ 8 ሰው ብትሉ 26 ግቢ 208 ሰው ይይዛል። ከተማውን ያለ ብዙ ወጪ የሚያጠጋጋው ሰርቪስ ቤት ነው፤ ለባለቤቷም መጦሪያ ነው። ስለዚህ የግንባታ ደንቡ ሰርቪስን የሚከለክል ወይም የቦታውን ስፋት ከፍ የሚያደርግ ከሆነ በዘላቂነት ስም መሬት እየባከነ ነውና ተቃወሙ። ፎቅ ዋናው መንገድ ዳር ይሁን፤ ውስጡ ለሰዉ አቅም ይተውለት።

አንድ ተጨማሪ ቁጥር ጠይቁ። ባለፉት 10 ዓመታት የተገነባው መሬት በዓመት በስንት በመቶ አደገ፣ ሕዝቡስ? የመሬቱን ለሕዝቡ አካፍሉ። የዘላቂ ልማት ግቦች 11ኛው ግብ ከተሞችን ከሚለካባቸው አንዱ ይህ ነው። መሬቱ በ6 በመቶ፣ ሕዝቡ በ4 በመቶ ካደገ 1.5 ይመጣል፤ ከተማው ከሰዉ ቀድሞ እየተለጠጠ ነው። ከ1 በታች ከሆነ ሰዉ እየተጠጋጋ ነው፤ ይህ መልካም የሚሆነው ግን ውሃና ሽንት ቤት አብሮ ካደገ ብቻ ነው።

በእግር መሄድ

ካርታውን ይዛችሁ ቦታው ላይ ውጡ፤ ከተቻለ የአካባቢውን አንድ ሽማግሌና አንዲት እናት ይዛችሁ። የአዋቂ ሰው እርምጃ 70 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ 140 እርምጃ ወደ 100 ሜትር ይጠጋል። 10 ሜትር ገመድ ካላችሁ የመንገዱን ስፋት በእሱ ለኩ፤ በካርታ 12 ሜትር የተባለው በአጥር መግፋት 7 ሆኖ ታገኙታላችሁ።

የሚለካው ርቀት ከቤት እስከ ትምህርት ቤት፣ እስከ ወፍጮ፣ እስከ ጤና ጣቢያ፣ ባጃጅ እስከሚገኝበት ድረስ ነው። ሽማግሌውን "ጋሼ፣ በክረምት ውሃው እስከ የት ይደርሳል?" ብላችሁ ጠይቁ። እናቲቱን ደግሞ ሲመሽ በየት መሄድ እንደምትፈራ ጠይቋት፤ የምትጠቁመው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ረጅም የፋብሪካ ወይም የመሥሪያ ቤት አጥር ያለበት፣ አንድም ደጃፍ የማይከፈትበት መንገድ ነው። ጄከብስ ስለ "መንገድ ዓይኖች"፣ ማለትም ከደጃፍና ከመስኮት ሆነው መንገዱን ስለሚያዩ ሰዎች፣ የተናገረችው ይህንኑ ነው። ፕላኑ አጥር ለአጥር የሚያገናኝ ሰፈር እያዘጋጀ ከሆነ ዳር ዳሩን ሱቅ የሚከፈትበት እንዲሆን ጠይቁ።

ውሃውና ገበሬው

ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ጎርፍ የሚሄድበትን ካላበጁለት የራሱን መንገድ ይፈልጋል። ስለዚህ የመንገድ ካርታ ሲቀርብ "የጎርፍ መውረጃውስ?" በሉ፤ ሁለቱ አብረው ካልተቀየሱ ኮብልስቶኑ ከተነጠፈ በኋላ ይቆፈራል። የጣናን ዳር በተለይ ጠብቁ። ደንገሉ የቆመበት ረግረግ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ከከተማው የሚወርደውን ቆሻሻ ውሃ ሐይቁ ሳይገባ የሚያጣራው እሱ ነው። ረግረጉ ሲደለደል ሐይቁ ያንን ሁሉ ይቀበላል፤ እምቦጭም እንዲህ ያለውን ውሃ ይወዳል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ፕላኑ ላይ ከውሃው ዳር ስንት ሜትር ነፃ እንደተተወ፣ በዚያ ውስጥ የተፈቀደ ሆቴል ወይም መዝናኛ ካለ በምን ምክንያት እንደሆነ በቁጥር ይነገራችሁ።

የከተማ ጥናት ውስጥ ገበሬው "የማስፋፊያ ቦታ" በሚል ስም ይጠፋል። ይህ ዋጋ አስከፍሎናል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ ኦሮሚያ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 ተቃውሞ ሲያስነሳ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ በጥር 2008 ፕላኑ እንዲቀር ተወሰነ። የተቃውሞው ምክንያት ብዙ ቢሆንም፣ ከሥሩ መሬቴን ማን ይወስደዋል፣ ልጄስ ምን ሆኖ ይቀራል የሚል የገበሬ ጥያቄ ነበረበት። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ከካሳ ባሻገር ተነሺዎችን መልሶ ስለ ማቋቋም ይደነግጋል። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት በካሬ ስንት ብር ይከፈላል የሚለው ብቻ አይደለም። ገበሬው በዚያው ማስፋፊያ ውስጥ ቦታ ይሰጠዋል? ዋና መንገድ ዳር ይሆንለታል? ልጁ ለሥራ ይሠለጥናል? አዲሱ የዓባይ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በማዶ ያለው መሬት ዋጋው ሌላ ነው፤ ደላላው ያውቀዋል፣ ገበሬውም ሊያውቀው ይገባል። መሬቱን ከዋጋው በታች በውል ሸጦ የከተማ ቀን ሠራተኛ የሆነ አባት ማየት ልብ ይሰብራል።

ስብሰባው ላይ

ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አዘጋጁ፤ ሦስት ይበቃል። አንድ ቁጥር፣ አንድ ቦታ፣ አንድ ጊዜ የያዘ ጥያቄ ከረጅም ንግግር ይሻላል። ለምሳሌ፦ "ከዘንዘልማ አቅጣጫ የሚመጣው 30 ሜትር መንገድ ችካሉ መቼ ይተከላል? ቦታ መሰጠት ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ?" እንዲህ ያለ ጥያቄ "እንመለከተዋለን" በሚል አይታለፍም። ጎረቤቶቻችሁ አስቀድመው ተስማምተውበት፣ ሲጠየቁ እነሱም ያንኑ ቢያነሱ ይበልጥ ይሰማል። ካርታውን የሠሩት ወጣት ባለሙያዎች ጠላቶቻችሁ አይደሉም፤ ብዙዎቹ ነዋሪው መንገድ ሲጠይቅላቸው ከበላይ ለሚመጣ ግፊት መከላከያ ያገኛሉ።

የተናገራችሁት በቃለ ጉባኤው መመዝገቡን ከመበተናችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ቅጂውንም ጠይቁ። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ በአፈጻጸም ሰነዱ የተባለው ወር ሲደርስ ቦታው ላይ ሂዱና ችካሎቹን ፈልጉ። ከሌሉ፣ ወይም ተነቅለው አጥር ካለፈባቸው፣ ፎቶ አንስታችሁ ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ ለክፍለ ከተማው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ማመልከቻውን በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጋችሁ ቁጥሩን ያዙ።